ከጅቡቲ ከተማ ወደ በረሓው፤ የመንገደኛው ስንቅና የመመለሻው ሒሳብ

ጅቡቲን የሚያውቃት ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃት በባሕሩ ወገን ነው። መርከብ የሚራገፍበትን ወደብ፤ ዕቃ የሚያድርበትን መጋዘን፤ የጉምሩኩን መሥሪያ ቤት፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓ. ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የጥንቱን ምድር ባቡርና ከ2018 ዓ. ም. ወዲህ በኤሌክትሪክ ኀይል መንገደኛና ጭነት የሚያመላልሰውን አዲሱን ባቡር ጠንቅቆ ያውቃል። ከከተማዪቱ በስተኋላ ያለውን አገር ግን የሚያየው በባቡር መስኮት ወይም በከባድ መኪና መስተዋት በኩል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ አገር በመስኮት ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። ጥንት የምኒልክ አደባባይ ይባል ከነበረውና ዛሬ በጁን 27 ቀን 1977 ዓ. ም. በተገኘው ነጻነት ስም ከሚጠራው አደባባይ ማልዶ የተነሣ መንገደኛ፤ ባልባላን ካለፈ በኋላ ፀሓይዋ ገና ሳትበረታ ጥቁር ድንጋይ በተነጠፈበት ምድር መካከል ራሱን ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ የሰው ቤት እየራቀ፤ ጥላ እየጠፋ፤ ውሃ እየተቈጠረ የሚሄድበት አገር ነው። የአሳልን የጨው ሐይቅ፤ የአቤን ሐይቅና የጎዳን ተራራ ለማየት አራቱም ጎማዎቿ በሚስቡት፤ በተለምዶ ፎርዊል በምትባለው መኪና ወደዚያ የሚወጣው ሰው ጥቂት አይደለም። ለዕረፍት የሚወጣ አለ፤ ለሥራ ጉዳይ የሚወጣም አለ። ሁለቱንም በረሓው የሚቀበላቸው በአንድ ሕግ ነው። የጉዞው መልካምነት ወይም ክፋት የሚወሰነው በመንገድ ላይ ሳይሆን ከከተማ ከመውጣት በፊት በሚደረገው ዝግጅት ነውና።

ሦስቱ መንገዶች

የጅቡቲ ሪፑብሊክ ስፋት 23 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በካርታ ላይ ሲያዩት ትንሽ አገር ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ይሳሳታል። በበረሓ ርቀት የሚለካው በሰዓት ነው እንጂ በኪሎ ሜትር አይደለም። በሬንጅ መንገድ ላይ በግማሽ ሰዓት የሚታለፈው ርቀት በድንጋይና በአሸዋ ላይ እኩለ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

የመጀመሪያው መንገድ ወደ አሳል ሐይቅ የሚወስደው ነው። በዋናው የኢትዮጵያ መንገድ እስከ ወዓ ከተሄደ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፍና የጉቤትን ሰላጤ እያዩ ይወርዳሉ። ከከተማው እስከ ሐይቁ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሳል ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፤ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ የወረደው ስፍራ ሲሆን፤ ጨውነቱ የባሕርን ውሃ ዐሥር ጊዜ ያህል ይበልጣል። አፋሮች ከዚህ ሐይቅ ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲነግዱ ኖረዋል። በሐይቁና በጉቤት መካከል ያለው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ በኖቬምበር 1978 ዓ. ም. ፈንድቶ ያፈሰሰው ድንጋይ እስከ ዛሬ ጥቁርና ስለታም ነው። ይህ ጉዞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚፈጸም ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ አደጋውም በንቀቱ በኩል ይመጣል።

ሁለተኛው ወደ አቤ ሐይቅ የሚወስደው ሲሆን ከሁሉም የበለጠ ዝግጅት የሚጠይቀው ይህ ነው። መንገደኛው ግራንድ ባራ የሚባለውን እንደ ገበታ የተስተካከለ የሸክላ አፈር ሜዳ አልፎ፤ ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ድክልን ይደርሳል። ከድክል ወደ አስ ኤላ፤ ከአስ ኤላም በመኪና ጎማ ዱካ እየተመራ ወደ ሐይቁ ይጓዛል። እዚያም ከጥንቱ የሐይቅ ወለል ላይ የበቀሉ የሚመስሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ የኖራ ድንጋይ ዐምዶች ቆመው፤ ከሥራቸው የፈላ ውሃ እንፋሎት ሲወጣ ያያል።

ሦስተኛው መንገድ ሰላጤውን ዞሮ በታጁራ በኩል ወደ ጎዳ ተራራና ወደ ዳይ ደን የሚያወጣው ነው። እስከ ታጁራ መልካም መንገድ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ገደላማና ድንጋያማ ነው። በ1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የጽድ ደን አብዛኛው ደርቋል። በዓለም ላይ ከጅቡቲ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የቆቅ ዘርም በዚሁ አካባቢ ይኖራል። ይህ የሰሜን አገር ከ1991 እስከ 1994 ዓ. ም. ጦርነት የተካሄደበትና ፈንጂ የተቀበረበት ስለ ነበረ፤ ምንም እንኳ በኋላ የማጽዳት ሥራ ቢከናወን፤ ከተረገጠው መንገድ ያለመውጣት ሕግ ዛሬም ሊጠበቅ ይገባዋል።

የቀደሙት መንገደኞች

የዚህን በረሓ ጠባይ ለመረዳት የሚሻ ሰው የቀደሙትን ሰዎች ታሪክ ቢመለከት ይጠቀማል። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፤ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሁለት ሺሕ ያህል ጠመንጃ ለመሸጥ ዐስቦ በ1885 ዓ. ም. መጨረሻ ታጁራ ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተነሥቶ ለመሄድ ቢያቅድም፤ ግመልና መሪ እስኪያገኝ፤ የመንግሥት የጦር መሣሪያ እገዳም እስኪነሣለት ድረስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በዚያች ከተማ ተቀመጠ። በዚሁ መካከል አንደኛው የንግድ ባልደረባው ታሞ ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሁለተኛውም ዔደን ላይ ሞተ። በኦክቶበር 1886 ዓ. ም. ብቻውን ጉዞውን ጀምሮ በፌብሩዋሪ 1887 ዓ. ም. አንኮበር ሲገባ ንጉሡ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ። በኋላ እንጦጦ ላይ ሲገናኙም ጠመንጃው ባሰበው ዋጋ አልተሸጠም። የሞተው ባልደረባው ዕዳም በእርሱ ላይ ተቈጠረ። ይህ ነጋዴ የከሰረው ዕቃው መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሚሄድበትን መንገድ ዋጋ ሲተምን የሚጠብቅበትን ጊዜ ከሒሳቡ ስለ ዘነጋ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1875 ዓ. ም. በግብጽ መንግሥት አገልግሎት ላይ የነበረው ቨርነር ሙንዚንገር ጦር ይዞ ከታጁራ ወደ አውሳ ዘመተ። መሣሪያ ነበረው፤ ስንቅም ነበረው። የአገሩን ሰው ፈቃድ ግን አልያዘም ነበር። በኖቬምበር ወር አፋሮች በሌሊት ወርደውበት እርሱም አብዛኛው ጭፍራውም በዚያው ቀሩ።

ከእነዚህ በተለየ ሁኔታ የተሳካለት እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በ1910 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደው ይህ ሰው፤ የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ በዲሴምበር 1933 ዓ. ም. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። ጥቂት እንደ ተጓዘ ለደኅንነቱ ተሠግቶ እንዲመለስ ታዘዘ። እርሱም ትእዛዙን አክብሮ ተመለሰ፤ አዲስ አበባ ላይ ሳምንታት ቈይቶ ፈቃዱን እንደ ገና አሳድሶ ሄደ። የአውሳውን ሡልጣን ፈቃድም ለብቻው ጠይቆ አገኘ። በዚህ ዐይነት አዋሽ በአቤ ሐይቅ ሲያልቅ በዐይኑ አይቶ፤ በድክልና በአሳል በኩል ብዙ ግመሎች በጥማትና በድካም ከሞቱበት በኋላ በሜይ 1934 ዓ. ም. ታጁራ ደረሰ። ዛሬ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ አቤ የሚሄድበት አገር፤ ያ ካራቫን ወደ ባሕሩ ሲወርድ ያለፈበት ነው። ለአስተዳዳሪም ሆነ ለነጋዴ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ፈቃድ ማለት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ አይደለም። የአገሩ ባለቤት የመንገደኛውን መምጣት ማወቁና መውደዱም ጭምር ነው።

ወራቱና ወረቀቱ

ለጉዞው የሚስማማው ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ነው። ከግንቦት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በክረምቱም ወራት ኀምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አቧራ ይዞ ከምዕራብ ይነፍሳል። በዚያን ጊዜ ሞተርም ሰውም በእኩል ይፈተናሉ።

ዝናቡ ጥቂት ነው ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚኖር ወንዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሞላ ይችላል። በኤፕሪል 2004 ዓ. ም. የአምቡሊ ወንዝ በድንገት ሞልቶ በከተማው ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው ገድሏል። ስለዚህ አሸዋው ለስላሳ ነው፤ ከነፋስም ይከልላል ብሎ በደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን መትከል ከባድ ስሕተት ነው። ግራንድ ባራም በደረቅ ቀን መኪና እንደ ልቡ የሚሮጥበት ሜዳ ሲሆን፤ ዝናብ የነካው ቀን ግን ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል።

የአቤ ሐይቅ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ያለ ስለሆነና ድንበሩም በምድር ላይ ተሠምሮ የማይታይ ስለሆነ፤ መንገደኛው ፓስፖርቱን፤ የመኪናውን ደብተርና የመድን ወረቀቱን ከእጁ መለየት የለበትም። በየኬላው ለሚጠይቁት ዣንዳርሞችም የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን ማስታወቅ ይበጀዋል። ከአስ ኤላ ወይም ከድክል የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ መያዝ ደግሞ ለይሉኝታ የሚደረግ ነገር አይደለም። አዋሽ ከ1960ው የቆቃ ግድብ ወዲህና በታችኛው ሸለቆ የጥጥ እርሻ ከተስፋፋ በኋላ ወደ ሐይቁ የሚያደርሰው ውሃ ስለ ቀነሰ፤ አቤ ከጥንት ዳርቻው በብዙ ሸሽቷል። ውሃው የለቀቀው ምድር ከላይ ደርቆ እንደ ጠንካራ መሬት ይታያል፤ ከሥሩ ግን ረግረግ ነው። የትኛው እንደሚሸከም፤ የትኛው እንደሚያሰጥም ለይቶ የሚያውቀው ከብቱን በዚያ የሚያሰማራ አፋር ነው። ጂፒኤስ አቅጣጫን ያሳያል እንጂ የጭቃውን ጥልቀት አይናገርም።

መኪናውና ጎማው

በበረሓ አንድ መኪና ማለት ምንም መኪና ማለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ሆነው የሚሄዱ መኪናዎች አንዱ ሲሰጥም ሌላው ይስበዋል፤ አንዱ ሲሰበር ሌላው ሰዎቹን ይዞ ይመለሳል። ከመነሣት በፊት ባትሪው፤ ቺንጋው፤ ፍሬኑ፤ ባሌስትራውና የራዲያተሩ ጎማ ቧንቧ በመካኒክ ዐይን ይታዩ። እያንዳንዱ መኪና ሁለት እስኮርታ ጎማ፤ በአሸዋ ላይ እንዳይሰጥም ሰፊ ሳንቃ የሚነጠፍለት ክሪክ፤ አካፋ፤ ጠንካራ መጎተቻ ገመድና የጎማ መንፊያ ይያዝ።

ከነዚህ ሁሉ የሚረሳው መንፊያው ነው። በዚህ አገር ግን ዋናው እርሱ ነው። ምክንያቱም በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ምድር ይገኛል። በአሸዋ ላይ ለመሄድ የጎማውን ነፋስ ወደ ግማሽ ገደማ አጉድሎ ጎማው እንዲሰፋና እንዳይሰጥም ማድረግ ያሻል። ነገር ግን በዚያው በላላ ጎማ የአርዱኮባን ዐይነት ስለታም ድንጋይ የረገጠ መኪና የጎማው ጎን ይቀደዳል። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በማንም ጎሚስታ እጅ የማይድን ነው። እንግዲህ አሸዋው ሲያልቅ ቆሞ ነፋሱን መመለስ ግድ ነው። ለዚህ የሚጠፋውን ሩብ ሰዓት የሰሰተ ሰው፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲለውጥ ይውላል።

በአሳል ዳርቻ ላይ ያለው የጨው ንጣፍ ነጭና ጠንካራ መስሎ ስለሚታይ መኪና ለመንዳት ያጓጓል። በእግር ይረገጥ እንጂ በመኪና አይሞከር። ከተመለሱም በኋላ የመኪናውን ሆድ በንጹሕ ውሃ አሳጥቦ ጨውን ማስለቀቅ፤ ብረት በዝገት ከመበላቱ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ነዳጅን በተመለከተ፤ ከድክል ወዲያ አገኛለሁ ብሎ መውጣት አይገባም። በአሸዋና በድንጋይ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ የሚሄድ መኪና በሬንጅ ላይ ከሚያጠፋው እጅግ የበለጠ ያጠፋል። ስለዚህ የደርሶ መልሱ ፍጆታ ከተሰላ በኋላ የዚያው ግማሽ ተጨምሮ ይያዝ። ጄሪካኖቹ በመኪናው ጣራ ላይ ከተከመሩ መኪናው በገደላማ ስፍራ የመገልበጥ ጠባይ ስለሚያመጣ፤ ከባዱ ጭነት ሁሉ ከታች ይሁን።

የውሃው ሒሳብ

በውሃ ላይ የሚደረግ ቁጠባ በሕይወት ላይ የሚደረግ ቁጠባ ነው። በዚህ በረሓ አንድ ሰው ለመጠጥና ለምግብ በቀን 6 ሊትር ይታሰብለት። አራት ሰዎች ለሦስት ቀን ቢሄዱ 72 ሊትር ይሆናል። መኪና ሊበላሽ፤ መንገድ ሊጠፋ፤ ቀንም ሊጨመር ስለሚችል የዚያው ግማሽ፤ ማለት 36 ሊትር ሲታከልበት 108 ሊትር ይሆናል። ይህ ባለ 20 ሊትር በሆኑ ስድስት ጄሪካኖች ውስጥ ሲገባ ለራዲያተር የሚሆን 12 ሊትር ቦታ ይተርፋል። ውሃው በአንድ ትልቅ በርሜል ሳይሆን በብዙ ዕቃ መከፈሉ፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

ከውሃው ቀጥሎ የሚመጣው በከተማ የሚቀረው ሰው ነው። መርከብ የጭነት ዝርዝር ሳይተው ከወደብ እንደማይወጣ ሁሉ፤ መንገደኛውም ስሙን፤ የባልደረቦቹን ስም፤ የመኪናውን ሰሌዳ ቍጥር፤ የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ለታመነ ሰው መስጠት አለበት። ከስንት ሰዓት መዘግየት በኋላ ለዣንዳርም እንደሚነገርም አብሮ ይጻፍ። ስልክ ከዋናው መንገድ ሲርቁ ሊጠፋ ይችላል። በሳተላይት የሚሠራ ስልክ ለመያዝ የሚፈልግም ስለ ፈቃዱ አስቀድሞ ያጣራ።

ሁሉ ነገር ተሟልቶ መኪናው ቢቆም እንኳ፤ ከመኪናው ተለይቶ በቀትር በእግር ርዳታ ፍለጋ መሄድ ከሁሉ የከፋው ውሳኔ ነው። መኪና ጥላ አለው፤ ከሩቅም ይታያል። ለብቻው በሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው ግን ጥላም የለውም፤ አይታይምም።

በእግር የሚሄዱት

ይህን ሁሉ ያዘጋጀ መንገደኛ በጋላፊም ሆነ በአሳል መንገድ ላይ ከዝግጅቱ ጋር ሊነጻጸር የማይችል ነገር ያያል። ከኢትዮጵያ ወጥተው በኦቦክ በኩል ወደ የመን፤ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር የሚሄዱ ወጣቶች፤ አንዳንዶቹ ገና ልጆች፤ አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው በነጠላ ጫማ ያንኑ በረሓ በእግራቸው ያቋርጣሉ። ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር የሚያስፈልግበት አገር ላይ ለብዙ ቀን አንድ ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ይዘዋል። በመንገድ ላይ በጥማት ወድቀው የቀሩ አሉ። ኦቦክ ደርሰው በባሕር የጠፉም አሉ። በጃንዋሪ 2019 ዓ. ም. ከኦቦክ ወደ ሰሜን ባለው ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያም ወዲህ በ2021 እና በ2024 ዓ. ም. ተመሳሳይ ኀዘን ደርሷል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በኦቦክ የሚያስተዳድረው መቀበያ ስፍራ የሚረዳው ከዚያ ለደረሱት ነው። ያልደረሱትን የሚያገኛቸው በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ብቻ ነው።

የእነዚህን ወጣቶች ችግር አንድ መንገደኛ ይፈታዋል የሚል የለም። የችግሩ ሥር በየመንደራቸው ነው፤ መፍትሔውም ከመንግሥታት የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን የረዥም ጊዜ ልማድ ያላቸው የጋላፊ መንገድ ሾፌሮች የሚያደርጉትን ማድረግ ይቻላል። በጥማት የተጎዳ ሰው ሲያገኙ ጥላ ውስጥ አስቀምጦ ውሃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት፤ ራሱንና አንገቱን ማራስ፤ መሄድ ለማይችለውም በሚቀጥለው መንደር ለጤና ጣቢያ ወይም ለዣንዳርም ማስታወቅ ነው።

ስለዚህ በሒሳቡ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ከስድስቱ ጄሪካኖች ሌላ ሰባተኛ ይሞላ፤ በእርሱም ላይ የመንገደኛው ስም አይጻፍበት። ክብደቱ 20 ኪሎ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ የቡና ስኒ ብዙ አይበልጥም። ሞልቶ ቢመለስ ኪሳራ የለውም፤ ባዶውን ቢመለስ ግን በዚያን ቀን በበረሓው ላይ አንድ ሰው ጠጥቶበታል ማለት ነው።